ትምባሆና የጨዋታ ሜዳ፤ ከባሶ ገበያ እስከ ዘመናችን ሕግ

ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ከመጀመሩ በፊት፣ በባሶ ሊበን ምድር ላይ የምትገኘው ይጁቤ ዛሬ እንደ ማናቸውም የወረዳ ከተማ ብትታይም፣ በጎጃሙ ገዥ በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ዘመን ግን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴና ከጎንደር የሚወርደው ነጋዴ የሚገናኙበት የታላቁ የባሶ ገበያ ጎረቤት፣ የሲራራ ነጋዴዎችም ማረፊያ ነበረች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ በ1834 ዓ.ም. ግድም በዚሁ አገር ተቀምጦ ገበያውን እየተመለከተ ጽፏል። ከእናርያና ከጉድሩ በኩል ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ዛሬ ስናስበው ልብ የሚያሳዝነው፣ ለሽያጭ የሚቀርበው የሰው ልጅ፣ ከሰሜን በሚመጣው አሞሌ ጨውና ልብስ ይለወጥ ነበር። የንግዱ ሰዎች አብዛኞቹ እስላሞች ሲሆኑ፣ የአገሩ ባላባትና ገበሬ ደግሞ ክርስቲያን ነበረና፣ ሁለቱ ወገኖች በገበያ ቀን በአንድ ሜዳ ተቀላቅለው ሲውሉ፣ በምግብና በመጠጥ፣ በአለባበስና በሥርዓት ግን እያንዳንዱ የራሱን ወሰን ጠብቆ ይኖር ነበር።

ይህን ወሰን ለማየት ከቡና የተሻለ ምስክር አይገኝም። በባሶ ገበያ ቡና በጭነት እየመጣ በበቅሎ ጀርባ ወደ ጎንደርና ወደ ምጥዋ ሲያልፍ፣ የአገሩ ክርስቲያን ግን ቡና መጠጣት የእስላም ምልክት ነው ብሎ ከአፉ አያስጠጋውም ነበር፤ ካህኑም በንስሐ ልጁ ቤት የቡና ሽታ ቢያገኝ ይቆጣ ነበር። ይህ ልማድ የተለወጠው በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸው ከታወቀና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ክልከላውን ካነሡ በኋላ ነው። ዛሬ ጎጃም ውስጥ ከቅዳሴ መልስ ጀበናው ሲወጣ፣ የደብሩ ቄስ ቡራኬ ሰጥተው ስኒውን ሲቀበሉ የሚያይ ሰው፣ የእኚሁ ቄስ ቅድመ አያት ይህንኑ መጠጥ ሲያወግዙ እንደ ነበር ለመገመት ይቸገራል።

ትምባሆ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። ከአዲሱ ዓለም ተነሥቶ በቀይ ባሕርና በቱርክ ንግድ በኩል ወደ ምድራችን ከገባ በኋላ፣ በቆላውና በጠረፉ፣ በእስላሙና በኦሮሞው አገር ቶሎ ተስፋፍቶ ሳለ፣ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ግን እንግድነቱን ሳይለቅ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉት። ማጨሻው ጋያ ይባላል፤ አንገቱ ረዘም ያለ ቅል ተፈልፍሎ በውስጡ ውኃ ይሞላበታል፣ በላዩ ትንሽ የሸክላ ማንደጃ ተተክሎ ትምባሆውና ፍሙ ይቀመጥበታል፣ ከጎኑ በተሰካው መቃ ሲሳብም ጢሱ በውኃው ውስጥ እየተንቦጫቦጨ ያልፋል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማልና ጋያ የሚስብ ሰው ተደብቆ ሊስብ አይችልም። ደቆ በአፍንጫ የሚሳበው ሱረት ግን በመቀነት ቋጠሮ የሚያዝ ስለ ሆነ ለመደበቅ የተመቸ ነበር። በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድም ትምባሆ የበቀለው ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ ነው የሚል ትውፊት ይነገር ነበር። ትውፊቱን በታሪክ ሚዛን የሚመዝን ሰው አርዮስ ያረፈው ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር ከመውጣቱ ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑን አይስተውም፤ ነገር ግን የተራኪው ዓላማ የእጽዋትን ትውልድ ማስተማር ሳይሆን፣ ሰው ይህን ቅጠል ባየ ጊዜ ከኒቅያ ጉባኤ ውግዘት ጋር አያይዞ እንዲጸየፈው ማድረግ ነበረና፣ በዚህ በኩል ትረካው የታሰበለትን ፍሬ አፍርቷል ማለት ይቻላል።

በዚህ በቆየ ጥላቻ ላይ የመንግሥት ቅጣት የተጨመረው በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጭነው፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖትን ክርክር አስቆርጠው፣ አገሩን በአንዲት ሃይማኖትና በአንድ ሥርዓት ለማስተሳሰር የደከሙ፣ በግል ኑሯቸውም እንደ መናኝ የሚቆጠሩ ንጉሥ ነበሩ። ትምባሆንም በአዋጅ ከለከሉ። ያጨሰ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ ሰው አፍንጫው እንዲቆረጥ መወሰኑን በዘመኑ ወደ ኢትዮጵያ የገቡ የውጭ አገር ሰዎች በየመጽሐፎቻቸው መዝግበውታል። ለአፄ ዮሐንስ ያለኝ አክብሮት ጽኑ ነው፤ አገራቸውን ከግብፅ ወራሪ አድነዋል፣ ሕይወታቸውንም በመተማ ለዚህችው አገር ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ የሰውን መልክ በሰውነቱ ላይ እያበላሹ ኃጢአቱን በፊቱ ላይ ጽፎ ማኖር፣ ሥርዓተ ንስሐን ከምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር የሚስማማ ሆኖ አይታየኝም። ከንፈሩ የተቆረጠ ሰው ምንም እንኳ ከልቡ ቢመለስ፣ ገበያ በወጣ ቁጥር ልጅና አዋቂ የሚያየው ያንኑ በደሉን ብቻ ነው፤ ንስሐ ግን የሰውየውን ነውር የሚሸፍን ምሥጢር ነው።

የአዋጁ ክብደት ለይጁቤና ለአካባቢዋ የተለየ ትርጉም እንደ ነበረው መገመት አያስቸግርም። የቦሩ ሜዳው ጉባኤ እስላሞች ወደ ክርስትና እንዲመለሱ በግድ የሚያስጨንቅ ትእዛዝ አስከትሎ ነበረና፣ የባሶ ንግድ ደግሞ በእስላም ነጋዴዎች እጅ ነበረና፣ ጋያን መከልከል ከጤና ወይም ከጨዋነት ጉዳይ ይልቅ ሰውን በሃይማኖቱ የመለያ መሣሪያ ለመሆን የቀረበ ነበር። ጎጃምን የገዙት አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ መንቆረርንም ደብረ ማርቆስ ብለው መናገሻቸው ሲያደርጉ፣ የበላይ ገዥያቸው አፄ ዮሐንስ ነበሩ። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ተቆጥተው ወደ ጎጃም ዘመቱ፤ ሠራዊቱም አገሩን በዘረፋና በእሳት ስላጠፋው፣ የዚያ ዘመን ሰቆቃ በጎጃም ሽማግሌዎች አፍ ለብዙ ጊዜ ሲነገር ኖረ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፤ የትምባሆው አዋጅ ቅጣትም ከእርሳቸው ጋር ኃይሉን አጣ።

እንግዲህ የዚህን ታሪክ ልብ የማገኘው እዚህ ላይ ነው። ቅጣቱ ከተነሣ፣ በጎጃም ላይ እሳት ያነደደውም ንጉሥ አዋጁን ያወጣው ራሱ ከሆነ፣ የጎጃም ሰው ትምባሆን በነጻነቱ ቀን በደስታ ሊቀበለው ይገባ ነበር የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ይህ ግን አልሆነም። ከ1881 ዓ.ም. በኋላም የጎጃም ገበሬ ትምባሆ የሚያጨስን ልጅ ማጀት አያስገባም፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚያጨስ ሰውም ለዕርቅ አይጠራም፣ ቄሱም ለሚያጨስ ሰው የንስሐ አባትነቱን እያመነታ ይሰጣል። ከአዋጅ በፊት የነበረው ነውር ከአዋጅ በኋላም ቀረ፤ አዋጁ ራሱ የቆመው በዚህ ነውር ላይ ነበረና፣ አዋጁ ሲወድቅ ነውሩ አብሮ አልወደቀም። ቡናን ደግሞ ማንም ንጉሥ ከንፈር እየቆረጠ ሳይከለክለው፣ ካህናቱ ቀስ በቀስ አይተውት፣ ጳጳሱም ክልከላውን አንሥተው፣ ከነውርነት ወደ ወግ ተሸጋገረ። ስለዚህ በአንድ ገበያ ያለፉት ሁለት እንግዶች አንዱ ቤት የገባው፣ አንዱ ከበር የቀረው በጎራዴ ኃይል ሳይሆን፣ በደጀ ሰላም ከቅዳሴ በኋላ በሚቀመጡ ሽማግሌዎችና ካህናት ፍርድ ነው።

የኋለኛው ዘመን መንግሥት በዚህ ጉዳይ ሌላ መንገድ ያዘ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመና መንግሥት ራሱ አምራችና ሻጭ ሆነ፤ ሸዋ ሮቢትና ቢላቴ ቅጠሉ የሚለማባቸው ስፍራዎች ሆኑ፣ የኒያላና የግስላ ፓኬት እስከ ገጠር ሱቅ ድረስ ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ ከድርጅቱ አርባ በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሠላሳ አንድ በመቶ ያህል በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። አያቶቻችን ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ነው ይሉት የነበረው ቅጠል ይህን ያህል ወርቅ ማውጣቱን ሳስብ ስለ ገንዘቡ ታላቅነት አላደንቅም፤ ይልቁንም ይህን ያህል ዋጋ የሚከፍል ነጋዴ ገና ያልተያዘ ገበያ እንዳየ እረዳለሁና፣ እሠጋለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 8.1 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ዝቅተኛ ቁጥር ነው፤ ዝቅ ያደረገውም ሐኪም ወይም ፖሊስ ሳይሆን በብዙ ትውልድ የተከማቸው ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

ነውሩ በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የጨዋታ ሜዳ ነው። በጎጃም ደጋ የልደት ጾም ተፈስኮ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ከቅዳሴና ከምሳ በኋላ ወንዶች ሁሉ ወደ ሜዳ ሲወጡ፣ ጎረምሳው አስቀድሞ ጫካ ወርዶ፣ ጫፉ የቆለመመ ቅርንጫፍ መርጦ፣ ልጡን ልጦ፣ በእሳት ለብለብ አድርጎ ያጎበጠውን የገና ዱላ ይዞ ይመጣል። እሩር የሚባለው የጨዋታው ኳስም ከጠንካራ የዛፍ ሥር ተጠርቦ የተድበለበለ ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ አጥቢያው ለሁለት ይከፈላል፤ በየወገኑ የሚመራ አለቃ ይመረጣል፤ እሩሩ በመካከል ከተቀመጠ በኋላ ሁለት ዱላዎች ሲጋጩ የሚወጣው ድምፅ ከኮረብታ እስከ ኮረብታ ይሰማል። በዚህ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናሉ፤ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታው ቂም አይያዝበትም። ስድብ ይፈቀዳል፣ ፉከራ ይፈቀዳል፣ ጠላ በገንቦ እየመጣ ይጠጣል። ይሁንና ይህ ሁሉ ነገር በተፈታበት ሜዳ ላይ ዱላውን በብብቱ ይዞ ሲጋራ የሚለኩስ ተጫዋች ቢኖር፣ ጨዋታው የሚቆም ያህል ነው፤ የበዓሉን ቅዳሴ የቀደሱት ካህናት ከሜዳው ዳር ቆመዋልና፣ አባቱም ከእነርሱ ጋር ቆሟልና። የገና ሜዳ ሌላውን ሥርዓት ሁሉ ለአንድ ቀን ሲያላላ ይህን አለማላላቱ፣ ክልከላው ከውጭ የተጫነ ሳይሆን ከጨዋታው ክብር ጋር የተዋሐደ መሆኑን ያስረዳል።

ይህንኑ አስተሳሰብ ከአገር ሜዳ አውጥተው ወደ አህጉር መድረክ ያደረሱት ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ ከዚያም በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት እኒህ ሰው፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የአፓርታይድን መንግሥት ከስፖርት ዓለም ለማስወጣት ያደረጉት ተጋድሎ በሰፊው ይታወቃል፤ የአልኮልና የትምባሆ ኩባንያዎች በገንዘባቸው የአፍሪካን እግር ኳስ እንዳይገዙት መቃወማቸው ግን የሚገባውን ያህል አይነሣም። የአህጉሩ ፌዴሬሽኖች በድህነት እየተንገዳገዱ፣ ኳስና ማልያ ለመግዛት እየተቸገሩ በነበሩበት ሰዓት የቀረበን ብር አልቀበልም ማለት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሰውየው የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸውና፣ በቤታቸው ከቃልና ከክብር በላይ የሚከበር ነገር እንዳልነበረ አስባለሁ። የሚያጨስ ሰው ሁሉ ክፉ ነው የሚል ወገንተኝነት ነበራቸው ብዬ አላስብም፤ ትኩረታቸው ሜዳውን በሚመለከተው ሕፃን ላይ እንደ ነበር አምናለሁ። ሕፃኑ የሚወደውን ተጫዋች ከሲጋራ ስም ጋር አንድ ላይ ካየ፣ ሁለቱን ለይቶ ለመውደድ አቅም የለውም።

ይድነቃቸው ካረፉ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 1980 ዓ.ም. በካናዳ ካልጋሪ የተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ከትምባሆ ነጻ ሆኖ ተካሄደ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም ይህንኑ መርሕ አደረገው። ዓለም አቀፉ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ1995 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. አጸደቀችው፤ ቀጥሎም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቶ፣ ጣራና ግድግዳ ባላቸው የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች፣ በሕዝብ ማመላለሻም ማጨስን ከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም አገደ፣ ሺሻንና ሽታና ጣዕም የተጨመረባቸውን ምርቶች ጭምር አስወገደ። አፄ ዮሐንስ በአፍንጫና በከንፈር ያስጠበቁትን ነገር የዛሬው ሕግ በገንዘብ መቀጫና በፈቃድ መንጠቅ ያስጠብቃል፤ ይህ ያለ ጥርጥር ታላቅ የሰብአዊነት እድገት ነው።

አሁን በሩቅ አገር፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ የዲስክ ጎልፍ በሚባለው ጨዋታ ላይ የተነሣው ክርክር ይህን የእኛን የቆየ ታሪክ እንዳስታውስ ያደርገኛል። ጨዋታው ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ስለ ሆነ ባጭሩ ላስረዳ፤ ተጫዋቹ እንደ ሣህን ክብና ስስ የሆነ የፕላስቲክ ዲስክ ከሩቅ እየወረወረ፣ ዛፉንና ኮረብታውን አልፎ፣ በሰንሰለት በተከበበ የብረት ቅርጫት ውስጥ ለማሳረፍ ይሞክራል፤ በአነስተኛ ውርወራ የጨረሰ አሸናፊ ይሆናል። ይህን ቅርጫት የፈለሰፈው ኤድ ሄድሪክ ሲሆን፣ የባለሙያዎቹንም ማኅበር በ1976 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው እርሱ ነው። ጨዋታው የሚደረገው በአጥር በታጠረ ስታዲየም ሳይሆን በሕዝብ መናፈሻና በጫካ ውስጥ ነው፤ ቤተሰብ ከነልጁ በሚንሸራሸርበት መንገድ አጠገብ። ተጫዋቾች በውድድር ላይ ትምባሆ እንዳያጨሱና እንዳያኝኩ ይከልከል የሚሉ ወገኖች በዚህ ምክንያት ነው የሚናገሩት፤ የሚቃወሟቸው ደግሞ ሜዳው ክፍት ነው፣ ጢሱ ማንንም አይጎዳም፣ ሰው በገዛ ሰውነቱ ላይ ሥልጣን አለው ይላሉ።

የኋለኞቹ ቃል ክብደት የለውም አልልም። የሰውን ሰውነት የመንግሥት ንብረት አድርጎ መቁጠር ወዴት እንደሚያደርስ ከአፄ ዮሐንስ አዋጅ በላይ የሚያስተምር የለም። ነገር ግን በውድድር የተሰለፈ ሰው በዚያች ሰዓት የግሉ ሰው ብቻ አይደለም፤ ስሙ በመዝገብ ተጽፏል፣ ዳኛ ያየዋል፣ ሽልማት ይጠብቀዋል፣ ልጆች እየተከተሉት አወራወሩን ይማራሉ። ውርወራውን የሚማር ልጅ በሁለት ውርወራ መካከል የሚደረገውንም ይማራል። በገና ሜዳ ላይ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ጎራዴም መቀጫም ሳያስፈልገው ለብዙ ዘመን የጸናው፣ ክልከላውን የሚጠብቁት ከላይ ቤትም ከታች ቤትም የወጡት አለቆች ስለ ነበሩ ነው፤ ተጫዋቹን ከሜዳ የሚያስወጣው ባልንጀራው እንጂ ወታደር አልነበረም።

ስለዚህ የዲስክ ጎልፍ ማኅበራት ደንብ ለመጻፍ ሲቀመጡ፣ የመቀጫውን ልክ ከመወሰናቸው በፊት፣ በአንድ ቡድን አብረው የሚጫወቱት ሦስትና አራት ሰዎች እርስ በርሳቸው ‹‹እዚህ አይሆንም፣ ወንድሜ›› የመባባል ሥልጣንና ድፍረት እንዲኖራቸው ቢያደርጉ መልካም ነው፤ በጫካ ውስጥ በተበታተነ የመጫወቻ ስፍራ ሁሉ ዳኛ ማቆም አይቻልምና። በእኛም አገር፣ ትምባሆ ሻጩ ወጣቱን በአዲስ መንገድ በሚፈልግበት በዚህ ዘመን፣ የየቀበሌው የእግር ኳስ ቡድንና የየአጥቢያው የገና አለቃ ይህን ያልተጻፈ ሥልጣናቸውን በጽሑፍ አድርገው፣ በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ቢያሰፍሩት፣ ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤትም ቢያስመዘግቡት፣ አዋጅ ቁጥር 1112 በቤት ውስጥ የጀመረው ሥራ ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ የሚጠብቀው ሰው ያገኛል።